የማታ ጥበቃ ሠራተኛ ከወባ እንዴት ይዳን?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ምከሩኝ። ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ ነው የምኖረው። ሥራዬ የማታ ጥበቃ ነው። አጎበር አለኝ፣ ግን የምተኛው ቀን! የወባ ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበሩ ለባለቤቴና ለልጆቼ ጠቀመ እንጂ ለኔ ጌጥ ነው።

ረጅም እጅጌና ካልሲ አድርጌ ነው የማድረው። ትንኝ የሚያባርረውን ቅባትም ሞክሬ ነበር፤ ላብ ያጥበዋል፣ ዋጋውም ኪስ ያራቁታል። ጓደኛዬ “ወባ እንዳይዝህ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ ዋጥ” ይለኛል። እሱ ለመንገደኛ አይደል እንዴ? እኔ ነዋሪ ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን ልውጥ?

ክረምት ላይ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተብዬ ታከምኩ፤ ከወራት በኋላ መጣብኝ። ይሄኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ፕሪማኩዊን የሚባለው መድኃኒት ካልተወሰደ ሊያገረሽ ይችላል። ያገረሸው ይሁን አዲስ ንክሻ፣ በምን ልወቅ? ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ክዳን የሌለው ሮቶ አለ። በባትሪ ሳየው እጮቹ ውሃው ላይ ጋደም ብለዋል። የወባዋ እጭ እንዲህ ነው የምትተኛው፤ ሌላዋ ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። አከራያችን ግን “ከዝናቡ ነው፣ ይጠፋል” ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ላስቀይማቸው አልፈልግም። እንዴት ብዬ ላስከድናቸው?