የኮንቴይነሮቹን ግድግዳ ስንቆርጥ ጣሪያው መሃል ላይ ወረደ፤ ምን ይሻላል?

እባካችሁ የብረት ሥራ የምታውቁ፣ አንድ በሉኝ። ሁለት ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነሮች ጎን ለጎን ገጥመን ለላቦራቶሪ ሰፊ ክፍል እየሠራን ነው። በመሃል ያሉትን ግድግዳዎች ወደ 6 ሜትር ያህል ቆርጠን አወጣን። ዋናውን ጭነት የሚሸከሙት የማዕዘን ምሰሶዎቹ ቢሆኑም፣ የላይኛውን አግዳሚ ብረት ደግፎ የያዘው ለካ ያ የቆረጥነው ሸንተረራም የግድግዳ ላሜራ ነው! ክር ስወጥርበት መሃሉ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ለጊዜው በክሪክ ደግፈነዋል።

ከአግዳሚው ሥር ወፍራም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ብበይድ ይበቃል ወይስ የግድ ቋሚ ልትከልበት? ቋሚው የማሽኑን መግቢያ ይዘጋብኛል።

ሌላው ራስ ምታት በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሲሊኮን ሞላንበት፤ ብረቱ በፀሐይ እየተለጠጠ፣ ማታ እየተኮማተረ አላቀቀው። ዝናቡ ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚወርደው። የላሜራ ክዳን በአንድ ወገን ብቻ በይደህ ሌላውን ልቀቀው የሚሉኝ አሉ። የሞከረው አለ?