የቆየች ኮሮላ ሰማያዊ ጭስ፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ምን ይታይ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በ1993 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እወርዳለሁ፤ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት ስጀምርና ነዳጅ ስረግጥ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ በብዛት ይወጣል፤ ጥቂት እንደተጓዝሁ ግን ይቀንሳል። ጠዋት ሳስነሳትም ለአጭር ጊዜ ታጨሳለች። ከዚህ ሌላ በአየር ፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ አግኝቻለሁ፤ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ተነሥተው ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎችም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል።

ያሳየሁት ጋራዥ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ የሚወጣውን ጭስ ካየ በኋላ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋልና ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ የሚል ውሳኔ ሰጥቶኛል። የተጠየቅሁት ገንዘብ ለእኔ ትልቅ ነው። ሞተሩ በእርግጥ መውረድ የሚያስፈልገው መሆኑን አስቀድሜ የማረጋግጥበት መንገድ ካለ፣ ልምዱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የሞተር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ምልክቶቹን ለይተው ስለጻፉ ሥራው ቀልሎልናል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራል፤ ነገር ግን ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸውና ከቀለሙ ይልቅ ጭሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው መልሱን የሚሰጠው። በፒስተኑ ዙሪያ ሆነው ዘይትና ጋዝ እንዳያልፍ የሚያግዱት ቀለበቶች ያለቁ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ጭነት በያዘችና ዳገት በወጣች ቁጥር፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ ሳታቋርጥ ታጨስ ነበር። የእርስዎ ግን የሚጀምረው ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነው፤ ቆየት ሲልም ይቀንሳል። በቁልቁለት ላይ እግርዎን ከነዳጅ መርገጫው ሲያነሡ የአየር በሩ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን በጎማዎቹ እየተገፋ በፍጥነት ይዞራልና በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ኃይለኛ ስበት ይፈጠራል። የቫልቭ ግንዶቹ ላይ ያሉት የዘይት ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱ የጎማ ማሸጊያዎች) ከእርጅና የተነሣ ደርቀው ከሆነ፣ ይህ ስበት ዘይቱን በግንዱ በኩል ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ከድልድዩ በኋላ ነዳጅ ሲረግጡ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይቃጠላል። የጠዋቱ ጭስም የዚሁ ወንድም ነው፤ ሌሊቱን በግንዶቹ ላይ ቀስ በቀስ የተንጠባጠበ ዘይት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንፋሹ ነው። በማንኛውም ሞተር ውስጥ፣ አዲስም ቢሆን፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ይህ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። በእርስዎ ሞተር ላይ ለዚህ የተሠሩ ሁለት ቱቦዎች አሉ። አንደኛው ከቴስታታው ክዳን ላይ በጎማ ቀለበት ከተሰካው ፒሲቪ ቫልቭ (ይህን ጋዝ በልክ ከሚያሳልፈው ትንሽ ቫልቭ) ተነሥቶ ወደ ማኒፎልዱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በአየር ፊልትሮውና በአየር በሩ መካከል ካለው ወፍራም ቱቦ ጋር ይገናኛል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ንጹሕ አየር በሁለተኛው ገብቶ ጋዙን እየጠረገ በመጀመሪያው ይወጣል። ቫልቩ በዘይት ዝቃጭ ከተደፈነ ግን ጋዙ ሁሉ በሁለተኛው ቱቦ ወደኋላ ይመለሳል፤ የዘይት ጉምንም ይዞ ስለሚሄድ በፊልትሮው ሳጥን ያዩት ዘይት ከዚያ ሊሆን ይችላል። ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቱቦ መሰንጠቁ ደግሞ ያልተፈለገ አየር ስለሚያስገባ ሚኒሞውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጭስ ማየት ብቻውን በቀለበቶቹ ላይ ለመፍረድ አይበቃም፤ ትንፋሹ የታፈነ ሞተርም እንዲሁ ያጨሳልና።

አስቀድመው ይህንን ይሞክሩ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ቫልቩን ከክዳኑ ነቅለው ጣትዎን በታችኛው ጫፉ ላይ ያድርጉ፤ ጠንካራ ስበት ሊሰማዎት ይገባል። ካልተሰማዎት ቱቦው ወይም ቫልቩ ተደፍኗል። ሞተሩን አጥፍተው ቫልቩን ያውጡና በንጹሕ ቱቦ አማካይነት ይንፉበት፤ ከክዳኑ ወገን ሲነፋ አየሩ በቀላሉ ማለፍ፣ ከማኒፎልዱ ወገን ሲነፋ ግን በጭንቅ ማለፍ አለበት። በውስጡ ያለው የነዳጅና የዘይት ቅሪት ለጤና ጎጂ ስለሆነ በፍጹም በአፍ አይሳቡበት። ቫልቩ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከተጠራጠሩ አጥቦ ከመመለስ ይልቅ መቀየሩን እመርጣለሁ።

መልስ (የአውቶሞቲቭ መምህር፣ ከአዳማ)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ልኬት የተነሣ ጤነኛ ሞተሮች ያለአግባብ ሲወርዱ አያለሁ፤ ይህም በጣም ያሳዝነኛል።

የ4ኤ-ኤፍኢ መመሪያ ጤነኛው ኮምፕሬሽን በካሬ ሴንቲ ሜትር 13.5 ኪሎ ግራም፣ ዝቅተኛው 10፣ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 1 ኪሎ ግራም መሆኑን ይገልጻል። እነዚህ ቁጥሮች ግን በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር የወጡ ናቸው። ደብረ ማርቆስም ሆነ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሞተር እንኳ እዚያ ሲለካ ከ10 ብዙ የማይበልጥ ቁጥር ያሳያል። የመመሪያውን 10 በቀጥታ የወሰደ ባለሙያ በሰላም የሚሠራን ሞተር አልቋል ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። በእናንተ ከፍታ ዝቅተኛው ገደብ 7.5 አካባቢ ነው ብሎ ማሰቡ ይቀርባል። ከሁሉም በላይ ግን አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸውን ይመልከቱ።

ልኬቱ ሲወሰድ ሞተሩ የሞቀ፣ ባትሪው ሙሉ፣ አራቱም ካንዴላዎች የወጡ፣ የእሳትና የነዳጅ መስመሩ የተቋረጠ፣ የነዳጅ መርገጫውም እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆን አለበት፤ መርገጫው ሳይረገጥ የተወሰደ ልኬት ዋጋ የለውም። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ጉልህ ጭማሪ ካሳየ ዘይቱ ያለቁትን ቀለበቶች አግዟቸዋል ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ጉድለቱ ከቫልቭ ወይም ከቴስታታ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

ስለ ሌሎቹ ቀለሞች በአጭሩ፦ ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ከማርሚታው የሚታይና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት የሚያሳስብ አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና የራዲያተሩን ውኃ የሚያጎድል ነጭ ጭስ ግን ፈጥኖ መታየት አለበት። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ስላያችሁ ብቻ ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል አትበሉ። ትንፋሹ ሲታፈን የውኃ እንፋሎቱም መውጫ ስለሚያጣ እዚያው ይጠራቀማል።

መልስ (የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ሶማሌ ተራ)

ቱቦውን ሊገዙ ሲመጡ የድሮውን ይዘው ይምጡ፤ ቢሰበር እንኳ ቁርጥራጩን። የውስጥ ስፋቱ፣ ርዝመቱና መታጠፊያው ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ፋብሪካው ቀርጾ ያጠፈውን ቱቦ በቀጥ ያለ ቱቦ ሲተኩት ማጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና ትንፋሹን መልሶ ያፍነዋል። ደንበኞቻችን አብዝተው የሚሳሳቱት ግን በጎማው ዓይነት ነው። የራዲያተር ወይም የማሞቂያ ቱቦ ለውኃ እንጂ ለዘይት የተሠራ አይደለም፤ የዘይት ጉም ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም በማኒፎልዱ ስበት ይጣበቃል። ግልጽ የሆነው የውኃ ፕላስቲክም የሞተሩን ሙቀት አይችልም። ዘይትና ነዳጅ የሚቋቋም፣ በውስጡ ክር የገባበት ቱቦ ብለው ይጠይቁ። የፒሲቪ ቫልቩ የሚሰካበትን የጎማ ቀለበት አብረው ይግዙ፤ የድሮው እንደ ሸክላ ደርቆ ስለሚቆይ ሳይሰበር አይወጣም። ለቱቦዎቹ አዲስ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ያስፈልግዎታል። በካቻቪቴ የሚጠብቀውን ዓይነት ከወሰዱ ጎማውን እስኪቆርጥ ድረስ አያጥብቁት።

መልስ (የረጅም ርቀት ሾፌር፣ ከባሕር ዳር)

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። አንዳንድ ሰዎች የትንፋሹን ቱቦ ከፊልትሮው ነቅለው ወደ መሬት ያንጠለጥሉታል፤ አንዳንዶችም ቀዳዳውን በብሎን ይደፍኑታል። በእኛ አቧራማ መንገድ የተንጠለጠለ ቱቦ አቧራውን ወደ ሞተሩ ሆድ ያስገባል፣ ሽታውም ተሳፋሪውን ያስቸግራል። የተደፈነው ደግሞ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የክራንኩን የዘይት ጎሚኒ ገፍቶ ዘይት ያስነጥባል። ሁለቱንም እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ቫልቩን ስነቅለው ምንም ስበት አልነበረውም፤ ከሁለቱም ወገን ሲነፋበት አየር አያሳልፍም። ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቱቦም በታችኛው መታጠፊያው በኩል ተሰንጥቋል። ኮምፕሬሽኑን በሌላ ጋራዥ አስለካሁ፤ አራቱም በ9 እና በ9.5 መካከል ናቸው። ሥራውን ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ፤ በምን ቅደም ተከተል እንደምጀምር ብትነግሩኝ።

መልስ (የሞተር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

በእናንተ ከፍታ ይህ ኮምፕሬሽን ጥሩ ነው፤ ሞተሩ የሚወርድበት ምክንያት አይታየኝም። ሥራውን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይጀምሩ። የደረቀ ቱቦ ከአፍንጫው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ በቀጥታ አይጎትቱት፤ መጀመሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት። እምቢ ካለ ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቀው ይላጡት፤ ምላጩ ግን አፍንጫውን እንዳይጭረው ይጠንቀቁ፤ የተጫረ አፍንጫ አየር ያሾልካል። የቫልቩን የጎማ ቀለበት ከማውጣትዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ። ሲሰበር ቁርጥራጩ ወደ ክዳኑ ውስጥ እንዳይወድቅ በወረንጦ እየለቀሙ ያውጡት፤ የወደቀ ካለም ክዳኑን ፈትተው ሳያወጡ ሞተሩን አያስነሡ።

እንደ እኔ ክዳኑን መፍታቱ ለማንኛውም ይጠቅማል። ከክዳኑ ሥር ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ የብረት መከለያ አለ፤ እሱ በዝቃጭ ከተሞላ አዲሱ ቫልቭ ብዙም ሳይቆይ ይደፈናል። ክዳኑን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው ካጠቡ በኋላ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዉት፤ ሲመልሱትም ጋርኒሲዮኑን ይቀይሩ። በማኒፎልዱ በኩል ያለውን አፍንጫ ጥላሸት ከዘጋው በቀጭን ሽቦ ይጥረጉት። የፊልትሮውን ሳጥንና የአየር በሩን ከዘይት አጽድተው፣ በዘይት የራሰውን ፊልትሮ ቀይረው ይግጠሙ። ከዚያ በሚኒሞ አስነሥተው የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና ጠንከር ያለ ወረቀት ይደፉበት፤ ወረቀቱ ወደ ታች ሳብ ካለ ትንፋሹ ተስተካክሏል፤ ወደ ላይ ከተገፋ አሁንም የታፈነ ቦታ አለ።

ከጠያቂው

ቱቦዎቹን፣ ቫልቩንና ጋርኒሲዮኑን ቀየርሁ፤ የክዳኑ መከለያ በጥቁር ዝቃጭ ተሞልቶ ነበር። ሚኒሞዋ ረግቷል፣ ወረቀቱም ሳብ ይላል፣ የፊልትሮው ሳጥን ደረቅ ነው። የዓባይ ዳገት ጭስ በጣም ቀንሷል፤ የጠዋቱ ግን አሁንም ጥቂት አለ። የቀረው የቫልቮቹ ጎሚኒ ነው ማለት ነው? ቴስታታው መውረድ ይኖርበታል?

መልስ (የሞተር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

አዎን፣ የቀረው ጎሚኒው ነው፤ ለእሱም ቴስታታው መውረድ የለበትም። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ቫልቮቹን ወደ ላይ በመያዝ አሥራ ስድስቱንም ጎሚኒዎች ባሉበት መቀየር ይቻላል። ይህ ግን የጊዜ ቀበቶውንና ሁለቱን ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ማውረድን ስለሚጠይቅ በራስዎ አይሞክሩት። ለሚሠራልዎት ባለሙያ ሁለት ነገር ያሳስቡት። ካምሻፍቶቹን በሚያገናኙት ጥርሶች አንደኛው ላይ በስፕሪንግ የተወጠረ ተጨማሪ ጥርስ አለ፤ ከመውረዱ በፊት በብሎን መታሰር አለበት። የመግቢያና የመውጫ ቫልቮቹ ጎሚኒዎችም በቀለም የሚለዩ ስለሆኑ መቀላቀል የለባቸውም። ጭሱ በጠዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነና የዘይቱ መጠን ብዙ የማይጎድል ከሆነ፣ የጊዜ ቀበቶው የሚቀየርበት ወቅት እስኪደርስ ጠብቀው ሁለቱን በአንድ የእጅ ዋጋ ማሠራት ይችላሉ። እስከዚያው በየሳምንቱ፣ ወደ ዓባይ ከመውረድዎ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ፣ ዘይቱን ሜዳ ላይ ቆመው ይለኩ፤ ከላይኛው ምልክት አልፎ የተሞላ ዘይት ራሱ በትንፋሹ በኩል ስለሚወጣ ከምልክቱ አያሳልፉት።