አር1ቢ ስለ አውሮፓ ፍልሰት ምን ያህል ይነግረናል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። አር1ቢ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚወርደው ዋይ ክሮሞሶም የሚታወቅ የአባት መስመር (ሃፕሎግሩፕ) ነው፤ እንደ ኤም269 ያሉት ስሞች ደግሞ ቅርንጫፎቹን የሚለዩ የዲኤንኤ ምልክቶች ናቸው። በምዕራብ አውሮፓ ብዙው ወንድ አር1ቢ-ኤም269 ነው፤ ያምናያ በተባሉት የስቴፕ (ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ያለው የሣር ሜዳ) ጥንታዊ ከብት አርቢዎች መቃብርም አር1ቢ በብዛት ወጥቷል። ታዲያ አየርላንዶችና ስፔኖች የያምናያ ልጆች ናቸው ብል ያስኬዳል? ደግሞ ኢ-ኤም78 የተባለው ሌላ የአባት መስመር እኛም ዘንድ፣ ግሪክና አልባኒያም አለ። ተማሪዎቹ «ከእኛ ሄዶ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ፋሲሎ
ቅርንጫፉን ሳያዩ አይፍረዱ። ከያምናያ መቃብሮች በብዛት የተገኘው ዜድ2103 የተባለው የኤም269 ቅርንጫፍ ነው፤ ምዕራቡን የሞላው ግን ኤል51፣ በተለይ ከሥሩ ያለው ፒ312። ሁለቱም ከኤል23 ይወጣሉ፤ ወንድማማች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ስለዚህ «መስመሩ ከስቴፕ መጣ» ያስኬዳል፣ «ከእነዚያ ከተቀበሩት ተወለዱ» አያስኬድም።

የአባት መስመር ብቻውን የሕዝብ ታሪክ እንዳልሆነም ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአይቤሪያ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ4,000 ዓመት በፊት ገደማ የወንዶቹ መስመር ከሞላ ጎደል ሲተካ ከጠቅላላው የዘር ውርስ የተተካው 40 በመቶ ያህል ነው። ባስኮችም አር1ቢ በዝቶባቸው ቋንቋቸው ኢንዶ-አውሮፓዊ አይደለም።

ግዮን
በተግባር ለማሳየት፣ ሃርቫርድ ያለው የዴቪድ ራይክ ላቦራቶሪ በነፃ የሚያወጣውን የጥንታዊ ዲኤንኤ ስብስብ ያውርዱ። ሠንጠረዡ የናሙናውን ቦታ፣ ዕድሜና የዋይ ሃፕሎግሩፕ ይዟል። ወንዶቹን ብቻ ይለዩ፣ ከነሱም በካርቦን 14 ዕድሜያቸው የተለካውን ያስቀድሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ኤም269» ብቻ የተጻፈበት አጥንት ኤል51 የለውም ማለት አይደለም። ምልክቱ ያለበት የዲኤንኤ ቦታ ጭራሽ ሳይነበብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ተነብቦ የድሮው (ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የነበረው) ፊደል ተገኘ» እና «አልተነበበም» ለየብቻ ይመዝገቡ። በአሮጌ አጥንት የዲኤንኤው ፊደል ሲ ተጎድቶ ቲ ሆኖ፣ ጂ ደግሞ ኤ ሆኖ ይነበባል፤ በተለይ በቁርጥራጩ ጫፍ ላይ። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ንባብ ብቻ ከታየ አይመኑት፤ ከበላዩና ከሥሩ ያሉት ምልክቶች ይደግፉት እንደሆነ ይዩ።

ዕድሜ ለማስላት ኤስቲአርን (የሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ቁጥር) ይተዉት፤ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ዝምድና የሌላቸውን ያመሳስላል። ኤስኤንፒ (የአንድ ፊደል ለውጥ) ይቁጠሩ። የለውጡ ፍጥነት ለእያንዳንዱ ፊደል በዓመት 0.76 ቢሊዮንኛ ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ በ10 ሚሊዮን ፊደል ላይ አንድ ለውጥ በ132 ዓመት ይመጣል። ሁለት ሰዎች ከጋራ አባታቸው ወዲህ በየግላቸው በአማካይ 35 ለውጥ ካላቸው፣ አባትየው 4,600 ዓመት ገደማ ይርቃል። በሁለቱም ላይ የተነበበውን ክፍል ብቻ ይቁጠሩ፤ አለዚያ ዕድሜው ያንሳል።

የዘጌ ልጅ
ስለ ኤም78፦ ግንዱ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሳይሆን አይቀርም፤ የባልካኑ ቅርንጫፍ ግን ቪ13 ነው፣ እኛ ዘንድ ያሉት እንደ ቪ32 እና ቪ22 ያሉት ናቸው። የተለያዩት ከ10,000 ዓመት በፊት ነው። የቪ13 አባት የሆነው ኤል618 ክሮኤሺያ ውስጥ ከ7,000 ዓመት በላይ በሆነው የገበሬ አጥንት ተገኝቷል። እናም «ከኢትዮጵያ በቅርቡ ሄደ» አይባልም።

ከእኛ በኩል የሚነጻጸር ጥንታዊ አጥንት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሙቀት ዲኤንኤን ይሰባብራል። የ4,500 ዓመቱ የሞታ ዋሻ ሰው የተረፈው ቀዝቀዝ ባለው የጋሞ ደጋ ስለነበረ ነው (የጎጃሟ ሞጣ እንዳትመስላቸው)። እሱም ኤም78 ከሚወጣበት ሰፊ መስመር ከኢ1ቢ1 ነው፤ የኤም78 ቅርንጫፍ ግን አይደለም።