የለመድነው መተግበሪያ ሲለወጥ የቀድሞው ገጽታ ሊቆይልን ይገባል ወይ?

ነጋዴ፣ ከቀፊራ፦
ይገባል ባይ ነኝ። እዚህ ድሬዳዋ፣ በገበያችን በስልክ ገንዘብ ከሚቀበሉ እናቶች ብዙዎቹ ጽሑፉን አንብበው ሳይሆን የምልክቱን ቦታና ቀለም አስታውሰው ነው የሚሠሩት። አንድ የገንዘብ መተግበሪያ ገጽታውን ለውጦ ባደረ ዕለት፣ አጠገቤ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት መላኪያው ቢጠፋባቸው ስልካቸውን ለማያውቁት ወጣት ሰጡ፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ሰው እየሰማ ነገሩት። ይህ ከውበት ጉዳይ ያለፈ ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከሳቢያን፦
ወንድሜ፣ የእናታችን ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ሆኖም ሁለት ገጽታ ጎን ለጎን ማቆየት ማለት እያንዳንዱን ማሻሻያ ሁለት ጊዜ መሥራትና መፈተሽ ማለት ነው፤ በአሮጌው በኩል የደኅንነት ክፍተት ቢገኝ ጉዳቱ ለእርሳቸውም ይተርፋል። የተቃዋሚ መብዛትም ለውጡ መጥፎ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ፌስቡክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የጓደኞችን እንቅስቃሴ በአንድ ገጽ ማሳየት ሲጀምር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውመውት ነበር፤ ኩባንያው ግን የግላዊነት መቆጣጠሪያ ጨምሮ አስቀጠለው፤ ዛሬ የፌስቡክ ዋና ገጽ እርሱ ነው።

ተማሪ፣ ከከዚራ፦
ተቃውሞን ሁሉ የልማድ ጉዳይ አድርጎ ማየት ግን ተገቢ አይደለም። ማይክሮሶፍት በዚሁ የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከዊንዶውስ 8 የኮምፒውተር ሥርዓቱ ያስወገደውን፣ ፕሮግራሞችን ለመክፈት የሚያገለግለውን የስታርት ቁልፍ በዓመቱ በ8.1 እትሙ መልሶታል። ስናፕቻት የተባለው የመልእክት መተግበሪያም በ2018 የጓደኞችን መልእክትና ስቶሪ (ለአንድ ቀን ብቻ የሚታዩ ምስሎችን) በአንድ ገጽ ሲቀላቅል ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ፤ ኩባንያውም ከወራት በኋላ ከፊሉን ወደ ቦታው መለሰ። ደግሞስ ለውጡ ለማን ተብሎ ነው? ኢንስታግራም በ2020 ጣታችን የለመደውን፣ ማሳወቂያዎችን የሚከፍተውን የልብ ምልክት ወደ ላይ አንሥቶ በቦታው ግብይትን አስቀመጠ፤ በ2023 ደግሞ ያንኑ የግብይት ምልክት ከዚያ አነሣው። በመሃል የተቸገረው ተጠቃሚው ነው።

ነጋዴ፣ ከቀፊራ፦
ሁለት ገጽታ ማቆየት ይከብዳል ለተባለው አልከራከርም፤ ስለዚህ ጥያቄዬን አጠብባለሁ። ሌላውን እንደፈለጉ ያሳምሩት፤ ገንዘብ መላኪያውና ቀሪ ሂሳብ ማያው ግን ከቦታቸው አይነሡ። መነሣታቸው ግድ ከሆነም ድሬዳዋ በምትናገራቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በድምፅ፣ ከሳምንታት በፊት ይነገረን። ባለሙያው ወንድሜ ይህንንም ከባድ ነው የሚሉ ከሆነ ምክንያቱን ቢያስረዱን እወዳለሁ።