ለእርሻ መግቢያ የጠጠር መንገድ፦ ግሬደር መከራየት ወይስ በትራክተር የሚጎተት መላጊያ ማሠራት?

ጥያቄ (ከመልካ ጀብዱ)
ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የማንጎና የሽንኩርት እርሻ አለን። ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያችን በር ያለው 1.8 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ፣ ስፋቱ 4 ሜትር ሲሆን፣ የግላችን ስለሆነ የሚጠግንልን የለም። በበጋ ላዩ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎርፉ መሃል ለመሃል እየሄደ ይቦረቡረዋል። አምና ግሬደር ተከራይተን ኦፕሬተሩ መሃሉን ልጦ አፈሩን ግራና ቀኝ ቆልሎት ስለሄደ፣ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ቀረ። አንድ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር አለን። በትራክተሩ የሚጎተት መላጊያ ብናሠራ ያዋጣናል? ገረጋንቲስ ምን ያህል ይበቃናል?

መልስ (ከሐረር)
እንደምን ሰነበቱ። ስለ ማሽኑ ከመነጋገራችን በፊት የውኃው መውጫ ይታሰብ። የመንገዱ መሃል ከዳሩ ከፍ ብሎ ውኃውን ግራና ቀኝ ማፍሰስ አለበት፤ ለ4 ሜትር ስፋት መሃሉ ከዳሩ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ይህንንም ኦፕሬተሩ ሳይሄድ ሲባጎ ወጥረው፣ በውኃ ልክ አስተካክለው ይለኩት። ዳር ላይ የተቆለለውን አፈር ወደ መሃል ካልመለሱትና የጎን ቦዮቹ በየተወሰነ ርቀት ውኃውን ወደ ማሳ የሚያወጡበት በር ካልከፈቱላቸው፣ የሚያፈሱት ገረጋንቲ ሁሉ የክረምት ጎርፍ ስንቅ ነው።

አሸዋማ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጣችሁ ከሆነ ቱቦ ቀብራችሁ መንገዱን ከፍ አታድርጉት። እናንተ ዘንድ ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ አሸዋና ቅርንጫፍ ጠራርጎ ይመጣና ቱቦውን ይደፍነዋል። ጎርፉ ላዩን እንዲያልፍ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ የታችኛው ጠርዙ በጥልቅ ግንብ የታሰረ የድንጋይ መሻገሪያ ይሻላል።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ትራክተር የማሠራ)
ለመላጊያው ወፍራም የብረት ዘንጎችን በየአንዳንዱ መካከል አንድ ሜትር ያህል ትቶ፣ ከመንገዱ አንጻር አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጎ ማስበየድ በቂ ነው፤ ሰያፍ ሲሆን ጠጠሩን ከዳር ወደ መሃል ይመልሳል። ሐዲድ ተጠቀሙ የሚሏችሁ አይጠፉም፤ ከተማችን የባቡር ከተማ ናትና ሐዲድ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስለናል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሐዲድ ከመግዛት ይቅርባችሁ።

መላጊያው የሚችለውና የማይችለው ግን ይለይ። መሸብሸቡ የሚመጣው አፈሩ ደርቆ መያዣውን ሲያጣና መኪና ሲፈጥን፣ ፍሬን ሲይዝና ሲነሳ ጎማው ልቅ የሆነውን ጠጠር ሲገፋው ነው። ጫፍ ጫፉን ልጦ ጎድጓዳውን መሙላት ብዙ አይቆይም፤ እስከ ጎድጓዳው ሥር ተቆርጦ፣ ተደባልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ መጠቅጠቅ አለበት። ይህ የግሬደር፣ የቦቴና የሮለር ሥራ ስለሆነ ሦስቱን በአንድ ቀን አገናኝታችሁ አንድ ጊዜ በደንብ አሠሩት። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዝናብ ማግስት፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ ትራክተሩ በዝግታ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢመላለስበት ይበቃዋል። በደረቅ መጎተት ግን ደቃቁን አፈር አቧራ አድርጎ ያስወስደዋል።

መልስ (ከሐረር፣ በድጋሚ)
ስለ ገረጋንቲው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከፈለጉ ተጠቅጥቆ 720 ሜትር ኩብ ነው። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 900 ያህል ይቁጠሩ፤ ይህም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 56 ጉዞ ያህል ነው። ስለዚህ በሙሉ ከማልበስ ይልቅ ክፉኛ ከተበላው ቦታ ይጀምሩ።

ከወንዝ የሚዛቀው ጠጠር በቅርብ ስላለ ያጓጓል፤ ነገር ግን ክብ ስለሆነና ጭቃ ስለሌለው አይያያዝም። ከመግዛትዎ በፊት ደቃቁን ለይተው በሃይላንድ ጠርሙስ ከውኃ ጋር በጥብጠው ያስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ሲሰፍር ውኃው ቶሎ ከጠራ መያዣ የለውም ማለት ነው፤ ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንብርብር ካረፈ ደግሞ በክረምት ያንሸራትታል። ከ4 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን ድንጋይም አስለቅሙት፤ የግሬደሩ ምላጭ ሲይዘው እየጎተተ መንገዱን ያርሰዋል።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። ዛሬ በሲባጎ ስንለካው መሃሉ ከዳሩ 14 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። የመጋቢት ዝናብ ሳይመጣ ቦዮቹን በዶማ ከፍተን ዳር የተቆለለውን እንመልሳለን፤ ግሬደሩን የምንጠራው አፈሩ ሲርስ ነው።