ሀዋሳ ላይ እየሠሩ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መማር ይቻላል?

ገመድ ሻጩ
ሰላም ቤቶች። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ገመድ፣ ብሬከር፣ ሶኬት እሸጣለሁ። ደንበኛው ከፍሎ ሲጨርስ "የሚዘረጋልን ሰው ታውቃለህ?" ይለኛል። ስልክ እሰጠዋለሁ። ብሩን የሚበላው ሌላ ሰው ነው። (ቡና እንኳን አይጋብዙኝም። ለዚህ ሌላ ርዕስ ይከፈትለት።)

አሁን እኔም ልማር ቆርጫለሁ። 12ኛ ጨርሻለሁ፣ ነጥብ አልመጣልኝም። ሱቁ የሚዘጋው ማታ 1 ሰዓት ነው፣ እሁድ ነፃ ነኝ። ልጆች ስላሉኝ ሥራ መልቀቅ አይታሰብም። ጓደኛዬ ደግሞ "ኤሌክትሪክ ምን ያደርግልሃል፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ተማርና ቢሮ ግባ" ይለኛል። ፖሊቴክኒክ ይሻላል ወይስ የግል? አጭር ስልጠና የወሰዳችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የፈረቃ ልጅ
እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። የስፌት ማሽን ጥገና ልማር ብዬ አንድ የግል ማሰልጠኛ ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። አሰልጣኙ ፕሮጀክተር ከፍቶ ያነብልናል። ማሽን ያየነው በፎቶ ነው። እኔ እኮ ማሽን ስር ነው የምውለው! መጨረሻ ላይ ግን ጋውን አልብሰው ፎቶ አነሱን። ብር ሳትከፍል በፊት "ወርክሾፑን አሳዩኝ" በላቸው።

ሒሳብ ክፍል
ስለ ፒችትሪ አንድ ነገር ልበል። ሶፍትዌሩን ማንም ይለምደዋል። ዴቢትና ክሬዲት የማያውቅ ሰው ግን ፒችትሪ ስለቻለ ብቻ የሚቀጥረው የለም። የሒሳብ ፍላጎት ከሌለህ ተወው።

ጋሼ ፌዝ
ወንድሜ፣ እኔ ግድግዳ ስበሳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ አሰለጥናለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ ይመስላል።

አንተ ከዜሮ አይደለም የምትጀምረው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ለመብራት፣ ባለ 2.5 ለሶኬት እንደሆነ ከሱቅ ታውቃለህ። የቀረህ ምክንያቱን ማወቅ ነው። የእንጀራ ምጣድን እንይ። ብዙው 3,500 ዋት ግድም ይወስዳል። ለ220 ቮልት አካፍለው፣ 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይሄን ሌላ ዕቃ ካለበት መስመር ላይ ሲሰኩት ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ይወርዳል። ባለቤቱ ይናደድና ከአንተ ሱቅ ትልቅ ብሬከር ይገዛል። አሁን ብሬከሩ አይወርድም፤ ገመዱ ግን ግድግዳ ውስጥ ይግላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ለምጣድ ወፈር ያለ ገመድ፣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። አሰልጣኙን መጀመሪያ ይሄን ጠይቀው። ከተንተባተበ ውጣ።

ወርክሾፑ ውስጥ ሰልጣኝ የሚለማመድበትን ጣውላ እይ። በብሎን ተበሳስቶ ወንፊት ከመሰለ ተመዝገብ። አዲስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለእንግዳ የተሰቀለ ነው።

አንድ ሰልጣኝ ማብሪያውን ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ገመድ) ላይ ሳይሆን ኒውትራሉ (መመለሻው) ላይ አስገባ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። "ሠራ!" ብሎ ጮኸ። መብራቱን አጥፍቶ ሆልደሩ (የአምፖል መያዣው) ውስጥ ቴስተር እንዲያስገባ አደረግኩት። ቴስተሩ በራ፤ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ልጁ ዝም አለ። ማብሪያ መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው፤ አለዚያ አምፖል የሚቀይረው ሰው "አጥፍቼዋለሁ" ብሎ በኤሌክትሪክ ይያዛል። ይሄ በፕሮጀክተር አይገባም።

ስለ ወረቀቱ። ማሰልጠኛው የሚሰጥህ ስልጠና መውሰድህን የሚገልጽ ነው። ቀጣሪ የሚጠይቅህ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት) ነው፣ እሱ ደግሞ የጽሑፍም የተግባርም ምዘና አለው። አጭር ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ የአንድን የሙያ ደረጃ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ "ከዚህ በኋላ ለየትኛው ደረጃ ልመዘን እችላለሁ?" ብለህ ቁርጡን ጠይቅ። በሥራ ላይ የለመደም ሰው መመዘን ይችላል፤ ጎን ለጎን ከአንድ ዝርጋታ ሠራተኛ ጋር እሁድ እሁድ ብትወጣ አትከስርም። ስልኩን እንደሆነ አንተ ጋ ነው ያለው!

ፖሊቴክኒክ ወይስ የግል ላልከው፣ ዕቃ ያለው ይበልጣል። ፖሊቴክኒኩ ሄደህ የማታና የእሁድ ፕሮግራም መቼ እንደሚከፈት ጠይቅ። ሰው ካልሞላ ሊያስጠብቁህ ይችላሉ።

ገመድ ሻጩ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። "ትልቁን ብሬከር ስጠኝ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ከእንግዲህ "ለምጣድ ነው?" ሳልል አልሸጥም። የሱቁ ባለቤት ባይወድም። የምጠራውን ሠራተኛም ዛሬውኑ "እሁድ ይዘኸኝ ውጣ" ብዬዋለሁ፣ ሳቀብኝ ግን እሺ አለ። ፒንሳና ቴስተር ራሴ ልያዝ ወይስ ይሰጣሉ?

ጋሼ ፌዝ
ይሰጣሉ፤ ግን ሰልፍ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር የራስህ ይሁን። በቅናሽ ታገኛለህ መቼም። ቴስተሩን ብቻ ርካሹን እንዳትወስድ።

የፈረቃ ልጅ
ጋሼ፣ የስፌት ማሽን ጥገና በእጅ የሚያሠራ ቦታ ካወቁ ለእኔም ይጠቁሙኝ። ጋውን አልፈልግም።