ሙሐረቅ፦ የዕንቁ ነጋዴዎቹን ሰፈር በአንድ ዓርብ እንዴት እንየው?

የሪፋዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕሬን ያላችሁ፣ በተለይ ሙሐረቅን የምታውቁ፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ዕረፍቴ ዓርብ ብቻ ነው። እናቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም። በዩኔስኮ የተመዘገበውን የዕንቁ መንገድ ላሳያት ፈልጌያለሁ። ከየት ይጀመራል? ሙሉውን በእግር መሄድ ግድ ነው ወይስ መርጦ ማየት ይቻላል? ትንሽ ዕንቁም ልገዛላት አስቤያለሁ፤ እንዳልታለል ምን ልጠይቅ?

ድልድይ ማዶ፦
እናትሽን እንኳን ደህና መጡ በይልን። መንገዱ በጠቅላላው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ ጫፍ ካለው የቡ ማሂር ምሽግ ተነስቶ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች እየተጠማዘዘ ሰሜን ላይ ሲያዲ የተባሉት የዕንቁ ነጋዴ ቤተሰብ ሰፈር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2012 የመዘገበው 17 ሕንፃዎችን፣ ምሽጉን፣ ከአጠገቡ ያለውን የባሕር ዳርቻና ባሕር ውስጥ ያሉ ሦስት የዕንቁ ዛጎል መገኛ መስኮችን በአንድነት ነው። ስለዚህ «አንድ ሙዚየም ገብቼ እወጣለሁ» ብለሽ አትሂጂ፤ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ልብስ ተሰጥቶበት፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱበት ነው የምታልፉት።

ሙሉውን መሄድ ግድ አይደለም። ታክሲው ቃይሰሪያ ከሚባለው አሮጌ ገበያ (ሱቅ) አጠገብ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ያውርዳችሁ። በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ግዙፍ የኮንክሪት ጣሪያ ስለሆነ አይጠፋችሁም፤ የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ቫሌሪዮ ኦልጃቲ ነው። ከጣሪያው ሥር የድሮ መጋዘኖች ፍርስራሽ ሳይነካ ቆሟል። እዚያ ካርታ ውሰጂና የዚያን ዕለት የትኞቹ ቤቶች ክፍት እንደሆኑ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ የዘለለ ሰው ነው አራት የተዘጋ በር አንኳኩቶ ተናድዶ የሚመለሰው።

ዓርብን በተመለከተ፦ ጠዋት አትቸኩሉ። በጁምዓ ሶላት ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ መስጊዶቹ ዙሪያ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። የሼክ ኢብራሂም ማዕከል የሚያስተዳድራቸው ቤቶች፣ ለምሳሌ የወርቅ ክር ጥልፍ የሚታይበት ኩራር ቤት፣ በተለምዶ ዓርብ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ከእነሱ ይልቅ መንግሥት የሚያስተዳድራቸውን ያዙ። የባህልና ቅርስ ባለሥልጣኑ ኢንስታግራም ገጽ ላይ ሰዓት ስለሚለጠፍ ሐሙስ ማታ እዪው። በረመዳን ደግሞ ሁሉም ሰዓት ይለወጣል።

የኔ ምርጫ ለእናትሽ፦ ከሰዓት በኋላ በጎብኚዎች ማዕከሉ ጀምሩ፣ ሱቁን በዝግታ እለፉ፣ ከዚያ በታክሲ ወደ ሲያዲ መጅሊስ፣ ማለትም ወደ ሲያዲዎች የእንግዳ መቀበያ ቤት። በመንገዱ ላይ የዕንቁ ቅርጽ ያላቸው ክብ ነጭ መብራቶች ምልክት ናቸው፤ መብራቱን ካጣሽ ከመንገዱ ወጥተሻል ማለት ነው። በየመሐሉ አግዳሚና ዛፍ ያላቸው ትንንሽ አደባባዮች ስላሉ ለጉልበት ዕረፍት አይቸግርም።

ጄሶና ድንጋይ፦
በድልድይ ማዶ ሐሳብ እስማማለሁ፣ አጀማመሩን ግን እቃወማለሁ። ሙሐረቅን የሚገባው ሰው ከባሕሩ የጀመረ ነው። የዕንቁ ጀልባዎች የሚነሱት ከቡ ማሂር ነበር፤ ከተማው ዙሪያውን በአፈር ተሞልቶ ወደ ባሕር ስለሰፋ የድሮው የባሕር ጠርዝ ሳይለወጥ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ የምታገኚው አቅመ ደካማውን፣ መጨረሻ የምታገኚው ሀብታሙን ነው። የተገላቢጦሽ የሄደ ሰው ሲያዲን አይቶ «ደስ ይላል» ብሎ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አያይም። ችግሩ ምሽጉን ከከተማው የሚያገናኘው የእግረኞች ድልድይ ጥላ የለውም። ከኅዳር እስከ መጋቢት በማንኛውም ሰዓት ይሆናል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ለእናትሽ አይታሰብም። ያኔ ቡ ማሂርን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በታክሲ ለብቻው ማየት ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ። ክፍሎቹ ለምን ጠባብና ረጅም ሆኑ ብላ እናትሽ ትጠይቅ ይሆናል። ጣሪያው የተሸከመው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በጀልባ በመጣ የማንግሮቭ እንጨት ነው። የእንጨቱ ርዝመት ከሦስት ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ባለጸጋም ሆነ ድሀ የክፍሉን ስፋት ከዚያ ማሳለፍ አይችልም፤ ሀብት የሚታየው በክፍል ብዛት፣ በግቢ ብዛትና በጄሶ ቅርጹ ነው። ቀና ብላችሁ እዩት፦ እንጨቱ፣ ከላዩ የተከፈለ ቀርከሃ፣ ከዚያ የተምር ዘንባባ ምንጣፍ፣ ከዚያ ጭቃ።

ግድግዳው ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ጨው ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ይደርቅና ጄሶውን ከውስጥ ገፍቶ ያራግፈዋል። ድሮ በሲሚንቶ የተለጠፉት ቤቶች የባሰ የተጎዱት ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ወደ ላይ ስለገፋው ነው። ግድግዳ ላይ አትደገፉ፤ ልብስ ነጭ ስለሚያደርግ ብቻ ሳይሆን ልጥፉ ስለሚረግፍ።

ጊዜ ካላችሁ የማይዘለሉ፦ የዕንቁ ጠላቂ ቤት የነበረው ጎስ ቤት፤ ትንሽ ነው፣ ሰዎች በር ላይ አይተው ያልፉታል፤ አትለፉት። ቢን መጠር ቤት በ1905 የተሠራ የዕንቁ ነጋዴ ቤት ነው፤ ሲሠራ ባሕሩ ደጁ ድረስ ነበር፣ በኋላ ክሊኒክም ክበብም ሆኖ አገልግሏል። የፋኽሮዎቹ መጋዘኖች ደግሞ የጀልባ እንጨትና ስንቅ የሚከማችባቸው ነበሩ። ከዩኔስኮው ዝርዝር ውጪ ያለ ቢሆንም የሼክ ዒሳ ቢን ዓሊ ቤት ግዴታ ነው፦ አራት ክፍል ያለው ግቢ፣ ለሼኩ፣ ለቤተሰቡ፣ ለእንግዳና ለአገልጋይ የተለየ። የነፋስ ማማው ሥር ቁሙ፤ ከላይ ነፋስ ይዞ ወደ ታች ያወርዳል፣ ያለ ኤሌክትሪክ። ደረጃው ግን ከፍ ከፍ ያለና መያዣ የሌለው ስለሆነ እናትሽ ታች ይቅሩ።

ወንፊት፦
ስለ ዕንቁ ግዢ እኔ ልመልስ። ባሕሬን ውስጥ በእርባታ የተገኘ ዕንቁ መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚሸጠው የተፈጥሮ ብቻ መሆን አለበት። ቢሆንም ወረቀት ሳትጠይቂ አትግዢ። የዳናት፣ ማለትም የባሕሬን የዕንቁና የከበሩ ድንጋዮች መመርመሪያ ተቋም፣ የምርመራ ሰርተፊኬት ያለው ዕንቁ ብቻ ውሰጂ፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ክብደትና ፎቶ ከዕቃው ጋር መግጠሙን እዚያው አስመዝኚ።

ጥርስ ላይ ፍቆ መለየት የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እውነተኛ ዕንቁ ጥርስ ላይ ይሻክራል፣ ፕላስቲክና መስታወት ይንሸራተታል፤ የእርባታ ዕንቁም ግን እኩል ይሻክራል። ሁለቱን የሚለያቸው ውስጣቸው ነው፦ በእርባታው ብዙውን ጊዜ ሰው ያስገባው ዶቃ መሐሉ ላይ አለ፣ የተፈጥሮው ከመሐል ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው። ይህን በዓይን ማንም አያየውም፤ በኤክስሬይ ብቻ ነው።

ዋጋውን የሚወስኑት መጠን፣ ክብነት፣ የላዩ ንጽሕናና ከሁሉም በላይ ከውስጥ የሚወጣው አንጸባራቂነት ነው። በሱቁ መብራት ሥር አትወስኚ፤ ሁሉም ያምራል። በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን ነጭ ጨርቅ ላይ አንከባልይው፤ ክብ ካልሆነ አካሄዱ ይነግርሻል። ለትንሽ በጀት ሙሉ ክብ ከመፈለግ ጠመም ያለውን ግን የሚያበራውን ምረጪ፤ ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ ለጆሮ ጌጥ ደግሞ ማንም አይለየውም።

ሲያዲ መጅሊስ፣ አሁን የዕንቁ ሙዚየም የሆነው፣ ከመግዛትሽ በፊት መታየት ያለበት ለዚህ ነው፤ ዓይንሽ ጥሩውን ካየ በኋላ ሱቅ ውስጥ አትሸወጂም። የድሮ ነጋዴዎች መሣሪያም ሲገጥምሽ ልብ በይ፦ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ፣ ቀዳዳቸው እየጠበበ የሚሄድ የነሐስ ወንፊቶች። ዕንቁው ላይኛው ላይ ከቀረ ትልቅ ነው፣ እየወረደ ሲሄድ ዋጋውም ይወርዳል። የታዋቂው የካርቲየር ጌጣጌጥ ቤት ሰው ዣክ ካርቲየር በ1912 ወደ ባሕሬን የመጣው የነዚህን ነጋዴዎች ዕንቁ ፍለጋ ነው።

የሪፋዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እናቴ ደግሞ «ጠላቂዎቹስ እነማን ነበሩ? ሐበሻም ነበረበት ሲባል ሰምቻለሁ» አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞ በጀልባ ወጥቶ ዛጎል መክፈት አለ ይባላል፤ ለእሷ ይሆናል?

የጨው ገመድ፦
እናትሽ ልክ ናቸው። ከባሕሬንና ከአካባቢው ነፃ ሰዎች ጋር በባርነት የመጡ አፍሪካውያንም ይጠልቁ ነበር፤ ከምጽዋና ከታጁራ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተሸጡ ከኛ አገር የተወሰዱ ሰዎችም ወደ ባሕረ ሰላጤው ደርሰዋል። ባሪያው ሲጠልቅ ድርሻውን የሚቀበለው ጌታው ነበር። ባሕሬን ባርነትን ያስቀረችው በ1937 ነው።

ነፃው ጠላቂም ቢሆን ብዙ ነፃ አልነበረም። ዋናው የጠለቃ ወቅት ሙቀት የሚበረታበት አራት ወር ገደማ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ብድር ከናኹዳው፣ ማለትም ከጀልባው አለቃ፣ ይወስዳል፤ ናኹዳው ደግሞ ከነጋዴው ተበድሯል። ትርፉ ሲከፈል ጠላቂው ሦስት እጅ፣ ገመድ ሳቢው ሁለት እጅ ይደርሰዋል፤ ብድሩ ሲቀነስ ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ዕዳ ነበር፣ ዕዳውም ለልጅ ይተላለፋል። በ1920ዎቹ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው የተደነገገው ለዚህ ነው፤ በ1932 ደግሞ ጠላቂዎቹ በቅድሚያ ክፍያው ማነስ ተነስተው ረብሻ ሆነ። በዚያው ዓመት ነዳጅ ተገኘ። የጃፓን የእርባታ ዕንቁና የ1929ኙ የዓለም ኪሳራ ገበያውን ስለገደሉት ወጣቱ ወደ ነዳጁ ሄደ። ከጎስ ቤት ወደ ናኹዳው ቤት፣ ከዚያ ወደ ሲያዲ ስትሄዱ የዚያን የብድር ሰንሰለት እየተከተላችሁ ነው፤ በዚህ ነገር ከጄሶና ድንጋይ ጎን ነኝ።

ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎቹን ፈልጉ፦ ከኤሊ ቀፎ የተሠራ የአፍንጫ መቆንጠጫ፣ እግር የሚገባበት ክብደት ድንጋይ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የገመድ ቅርጫት። ጠላቂው በድንጋዩ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ወዲያው ይሳባል፣ እሱ ዛጎል ለቅሞ ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃል። ሳቢው ከተኛ ሰውየው አለቀለት። በማናማ በኩል ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ይህን በደንብ ያሳያል፣ ሕንፃው ሰፊና ቀዝቃዛ ስለሆነ ለእናትሽ ይመቻል።

ስለ ጀልባው፦ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ይወስዳሉ፤ አንድ ሰው በጉዞው እስከ 60 ዛጎል ማውጣት ይፈቀድለታል፣ ያገኘውን ዕንቁ ይወስዳል። ብዙ ሰው ግን ስድሳውንም ከፍቶ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ዋና መቻል ያስፈልጋል፣ ጀልባውም ይወዛወዛል፣ ከጀልባ ወደ ውሃ መውረጃው መሰላል ለጉልበት አይሆንም። ለእናትሽ ይቅርባቸው።

ድልድይ ማዶ፦
አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ሲያዲ መስጊድ በሙሐረቅ ተጠብቀው ከቆዩት መስጊዶች አንጋፋው ነው፣ ዛሬም ይሰገድበታል፤ ከውጭ ብቻ እዩት፣ ሰጋጆችን ፎቶ አታንሱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል፣ የእናትሽ ነጠላ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ሲፒአርሽን፣ ማለትም የባሕሬን መታወቂያሽን፣ ያዢ፣ የእናትሽንም ፓስፖርት ኮፒ። ሱቁ ውስጥ የድሮ የተምር ማር ማጣሪያ ክፍል በመስታወት ወለል ሥር የሚያሳይ ካፌ አለ፤ ተምር በጆንያ ተደራርቦ በራሱ ክብደት ማሩ በቦዩ የሚወርድበት ነው። እዚያ ሻይ ጠጡ፣ መጸዳጃ ቤትም አለው፤ በአሮጌው ሰፈር ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሱቁ የሾዋይተር ሐልዋ፣ የአገሩን ጣፋጭ፣ ስትገዢ ትኩሱን ጠይቂ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ግን በደንብ የታሸገውን፣ ዘይቱ ሻንጣ ያበላሻል።